ከምርቃቱ በኋላ ያለው ጥያቄ

ጉባኤው የተደረገው አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ከየከተማው መጥተዋል። እኛ እዚያው አዳማ ይህንኑ ሙያ የምንማር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰን እንድናስተናግድ ተመድበናል። እኔ በር ላይ ቦርሳ ሳድል አስተባባሪዋ ጠራችኝና፣ «አንቺ ኦሮምኛ ትችያለሽ አይደል? ዛሬ ምስክርነት የሚሰጡትን እማማን ያዥልን። እንዳይጨነቁ አጠገባቸው ሁኚ» አለችኝ።

«አንቺማ ዛሬ ቪአይፒ ሆንሽ» አለችኝ የዶርም ጓደኛዬ የውሃ ካርቶን ተሸክማ ስታልፍ። «እኛ እንሸከም።» ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን በእውነት ኮርቼ ነበር።

እማማ ኩየራ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የመጡት። አዲስ ሻሽ አስረዋል፤ የፕላስቲክ ጫማቸው ታጥቦ ያበራል። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የመጡበትን ነገሩኝ።

ልጃቸው እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ቆይታ ዐረብ አገር ሄደች። ሦስት ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ነበር፤ ጎረቤቷም ሲያቅታት ልጆቹ ማሳደጊያ ገቡ። አያትየው ይህን የሰሙት ዘግይተው ነው። በአንድ ፕሮጀክት አማካይነት ሁለቱ ትልልቆቹ ወደ እሳቸው ተመለሱ። የአራት ዓመቱ ትንሹ ግን ለብቻው ወደ ሌላ ማሳደጊያ ተዛውሮ ስለነበር እዚሁ አዳማ ቀረ። ስለ እሱ በጠየቁ ቁጥር «ጉዳዩ ገና ነው» ይባላሉ። ጉባኤው ላይ የሚቀርበው የሁለቱ ታሪክ ነበር። እማማ የመጡት ግን ለሦስተኛው ነው።

«ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ አሉ ወይ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ የቢሮ ኃላፊዎችም አሉ።»

«ጥሩ። አንዱ ጋ ስሄድ ሌላው ጋ ነው ይለኛል፤ ሌላው ጋ ስሄድ መጀመሪያ ወደ ሄድኩበት ይመልሰኛል። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። እዚያው ተያይተው ይነጋገሩበታል።»

ምን እንደሚሉ ደጋግመን ተለማመድን። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ «ትንሹ መቼ ነው የሚመጣልኝ?»

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጥን። አንድ ባለሙያ ልጆችን ከቤተሰብ ጋር መልሶ ስለማገናኘት እየተናገረ የሁለቱን ልጆች ፎቶ በትልቁ አሳየ። ፊታቸው እንዳይለይ ደብዝዟል።

«ፊታቸውን ምን አገኘው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እንዳይታወቁ ነው እማማ፣ ለደኅንነታቸው።»

«የትንሹስ?»

«የእሱ አልተነሣም።»

ፎቶውን ማየት ቀጠሉ።

ተራቸው ሲደርስ ደግፌ ወደ መድረኩ ወሰድኳቸውና ማይኩን ሰጠኋቸው። በአገራቸው ወግ ጉዳይ ያለው ሽማግሌ መጀመሪያ ይመርቃል፤ ጉዳዩ ከምርቃቱ በኋላ ይመጣል። ሳይመርቁ መጠየቅ የተለመደ አይደለም። እማማም እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«አገር ሰላም ይሁን።»

«አሜን» አለ አዳራሹ።

«ዝናቡ በጊዜው ይዝነብ። የተሰበሰበውን አይበትን።»

«አሜን!»

«ልጅ የሌለው ይውለድ። ልጅ ያለው ልጁን አይጣ።»

ሰዉ ከመቀመጫው ተነሣ። አሜኑ ጣሪያውን ነካው። በስብሰባ ወግ ደግሞ የእናት ምርቃት መዝጊያ ነው። ሰብሳቢው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ከዚህ በላይ ምን ይባላል! እማማ፣ እናመሰግናለን!» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። ጭብጨባው ሳያበቃ ሁለት ኃላፊዎች የታጠፈ ጋቢ ይዘው መጡና እጃቸውን ስመው ትከሻቸው ላይ ጣሉላቸው። ማይኩን አንድ ሰው ከእጃቸው ተቀበለ። ፎቶ አንሺዎች ከበቡን።

ወደ ሰብሳቢው ተጠግቼ፣ «ጋሼ፣ ገና አልጨረሱም» አልኩት።

«ጨረሱ እንጂ፣ መረቁን እኮ!» አለኝ፣ ለካሜራው ፈገግ እንዳለ።

ወደ እማማ ተመለስኩ። «እማማ፣ ይጠይቁ። ማይኩን አመጣልዎታለሁ።»

«አሁን? አልብሰውኝ?» አሉ የጋቢውን ጥለት ይዘው። «ነውር ነው፣ ኢንተላ ኮ። እጄን ስመው ሲያለብሱኝ መልሼ ልክሰሳቸው?»

ውይይቱ ሲከፈት እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው በደግነት አየኝና፣ «ተማሪዎች ጊዜ ከተረፈ» አለ። ጊዜ አልተረፈም።

በሻይ ሰዓት ጋቢ ካለበሷቸው አንዱን ሳምቡሳ ይዞ ቆሞ አገኘሁትና ነገሩን አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። «እህቴ፣ ይሄ ኬዝ ነው። በኬዝ ላይ በሻይ ሰዓት አይወሰንም፤ ስለ ሌላ ሰው ልጅ መሀል ቆሞ አይወራም። ክፍል ውስጥ አልነገሯችሁም?»

«ነግረውናል» አልኩ። በእርግጥም ነግረውናል። ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ።

አንዲት ሌላ ባለሙያ የእማማን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ግን ከሌላ ዞን ነው የመጣችው፤ እዚህ ማንንም አታዝም። ቢያንስ ልጁን እንዲያዩት ብዬ አስተባባሪዋን ለመንኳት። እሷም ደወለችልኝ። ቅዳሜ ስለሆነ ማሳደጊያው ቢሮ ያለው ጥበቃ ብቻ ነበር፤ ያለ ፈቃድ አያስገባም። የኩየራዋ ሚኒባስ ደግሞ ከምሳ በኋላ ትሄዳለች።

አዳማ ከቀትር በኋላ እንዴት እንደሚያቃጥል የኖረበት ያውቀዋል። እማማ ግን ጋቢውን አላወለቁም። ላባቸው ግንባራቸው ላይ እየወረደ በአጠገባቸው ያለፈውን ሰው ሁሉ ያመሰግናሉ። ሚኒባሷ በር ላይ ስንደርስ ብቻ አወለቁት፣ በጥንቃቄ አጠፉትና ደረቴ ላይ አደረጉት።

«ኩየራ ይበርዳል፣ ለእኔም በጠቀመኝ። ግን አንቺ እሱ ያለበት ከተማ ነሽ። አያትህ ሰጠችህ በይልኝ።»

ቃል አትግቡ ተብለን ተምረናል። «እሞክራለሁ እማማ» አልኩ። እሳቸው ጉንጬን ስመው እሺ እንዳልኩ አድርገው ወሰዱት።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ጋቢውን ይዤ ማሳደጊያው በር ላይ ቆምኩ።

«ምኑ ነሽ?» አለኝ ጥበቃው።

«ተማሪ ነኝ።»

«ሥራሽን አልጠየቅኩሽም። የልጁ ምኑ ነሽ ነው ያልኩሽ።»

ጋቢውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ዕቃ የሚቀበሉት ከቤተሰብ ወይም ከሚታወቅ ተቋም ብቻ እንደሆነ በለሆሳስ ነገረኝ፤ ማንም የመጣ ሁሉ ለልጆች ነገር እንዳይሰጥ ነው። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እንዲሁ ነው የምለው። ትምህርት ክፍላችንን ብጠይቅ ከማሳደጊያዎች ጋር የምንገናኘው ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ለአንደኛ ዓመት እንደማይፈቀድ ነገሩኝ። ያን ሰኞ ከማሳደጊያው በር ጀርባ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ይንጫጩ ነበር። የቱ ድምፅ የእሱ እንደሆነ አላውቅም። መልኩንም አይቼው አላውቅም።

ጋቢው አሁንም ዶርም ውስጥ ሎከሬ ላይ ነው። እማማ አልፎ አልፎ ይደውላሉ።

«ደረሰው?»

«ገና ነው እማማ።»

«ይደርሰዋል። አይዞሽ፣ አንቺ አትጨነቂ።» የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ይመርቁኛል፤ ትምህርትሽን ይግለጥልሽ፣ ክፉ አይንካሽ ይላሉ። እኔም አሜን እላለሁ።

ምርቃቱ ሲያልቅ ስልኩን አልዘጋም። ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እጠብቃለሁ። እሳቸውም አይዘጉም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ከኋላቸው የሁለቱ ልጆች ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ትንሹ መቼ ነው የሚመጣልኝ?» ይላሉ።