ካዛንቺስ ስር የቀረው ከሰል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ካዛንቺስ አንድ ኬክ ቤት ቁጭ ብለን፣ የልጅ ልጄ ሜሮን ሰፈራችንን ስታሰምጠው አየሁ...

አትደንግጡ፣ በላፕቶፕ ነው። የማዕድን ምህንድስና ተማሪ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ «ሎንግዎል» የሚሉትን ከመሬት በታች ያለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደፍ ነው። አስተማሪያቸው «ከላይ ከተማ እንዳለ አስቡ» ቢላቸው እሷ የካዛንቺስን ካርታ አስቀመጠችበት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ከጉልት ስንገዛ ከሰሉ ከስራችን ነበር?» አልኳት።

«አባባ ደግሞ! የውሸት ነው በቃ። ይዩ...»

አስረዳችኝ። ማሽኑ ረጅሙን የከሰል ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር እየላጠ ይሄዳል። ከኋላው ጣሪያው እንዲደረመስ ይለቀቃል፤ ከላይ ያለው መሬትም ይሰምጣል። እንዳይሰምጥ የተፈለገ ነገር ካለ፣ ስሩ ያለው ከሰል ሳይነካ ይተዋል።

«ምሰሶ እንለዋለን። ግን የተውነው ሁሉ ኪሳራ ነው፣ ነጥብ ያስቀንሳል። እኔ ደግሞ ኤ ነው የምፈልገው!»

ቤተክርስቲያኑ ስር ትታለች። መስጊዱ ስርም ትታለች።

«ቀበሌውን ግን አስምጪልኝ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ጣቴን ካርታው ላይ አሳረፍኩ።

«እዚህም ተይ።»

አጉልታ አየችው። «አባባ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም። መኪና ማቆሚያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ...

ቤታችን የነበረበት ነው። ባለቤቴ አስካለ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬም አመሸህ?» የምትለኝ ቦታ። እሷ ካረፈች በኋላ ቤቱ ቀርቶኝ ነበር። እሱም ለመልሶ ማልማት ተብሎ ፈረሰ። አሁን ከኮንዶሚኒየም በታክሲ እየመጣሁ ዳሩ ላይ እቆማለሁ። ጥበቃው «አባት፣ መኪናዎ የትኛዋ ናት?» ይለኛል። «ገና አልመጣችም» እለዋለሁ።

«የኤ ነጥቤስ?» አለችኝ ሜሮን፣ ቀስ ብላ።

«አያትሽ ቢ ባመጣ ልጅ አትቀየምም።»

ምሰሶውን ሳለችው።

ሐሙስ ሥራዋን አቅርባ ስትወጣ ደወለችልኝ። አስተማሪው «ይሄ ባዶ ቦታ ነው፣ ማንን ለማትረፍ ነው?» ብሎ ጠየቃት አሉ።

«የአያቴ ቤት ነው።»

«ካርታሽ ግን መኪና ማቆሚያ ነው የሚለው።»

«ቤቱማ ፈርሷል። እሳቸው ግን ገና አልለቀቁም።»

ቢ ፕላስ ሰጣት። አልፈርድበትም፣ ያን ያህል ከሰል ለአንድ ሽማግሌ ሲባል አይባክንም።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ መሬቱን በከዘራዬ መታ መታ አደረግኩት... አይሰምጥም።