ለአዲሱ አውሮፕላን የተነሣው እንሰት

አልጋነሽ የአውሮፕላን ድምፅ ከማንም ቀድማ ትሰማ ነበር። ከዲላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ዳር፣ ባሏ ጴጥሮስ በሠራው ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ቡና እየለቀመች ሳለ ድንገት እጇን ታቆማለች። ጆሮዋን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ትነሣና ዋንዛው ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ትቀጠቅጣለች። እረኞቹ ያንን ሲሰሙ ከብቱን ከሜዳው ያወጣሉ። ሥራው የጴጥሮስ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ማንም ሳይሾማት እሷ ያዘችው፤ ማንም አልከለከላትም።

አየር ኃይሉ በዚያ ሜዳ የሚያሳርፈው ዳኮታ የሚባለውን የጭነት አውሮፕላን ነበር። ወደ ቦረና ለሚወርደው ጦር ስንቅና መድኃኒት ያራግፋል፣ ካሚዮኖች ይረከባሉ። በዳኮታው ሆድ ውስጥ ጭነቱን የሚያስረውና የሚፈታው ፈለቀ የአልጋነሽ አንድ ልጅ ነው። ደብረ ዘይት ከተቀጠረ ወዲህ ፈቃድ አግኝቶ ቤት የገባው ከስንት አንዴ ነው። ካሚዮኖቹ እስኪሞሉ ግን እናትና ልጅ ከክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። ታጎርሰዋለች፣ የኮሌታውን እጥፋት ታቃናለታለች፣ የላላውን ቁልፍ በጥርሷ ክር በጥሳ ትሰፋለታለች። ዳኮታው ከሄደ በኋላ ሣሩ ላይ ጥቁር የዘይት ጠብታ ይቀራል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ጠብታው እየሰፋ መምጣቱን አይታለች።

«አርጅቷል እማዬ» ይላታል ፈለቀ። «ሁሉንም ሊቀይሯቸው ነው።»

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ሻምበል ሠረቀብርሃን የተባለ የአየር ኃይል መኮንን ሜዳውን ሊያይ በላንድሮቨር መጣ። አፈሩን በጫማው ተረከዝ እየመታ ከዳር እስከ ዳር ተራመደ። ፊቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር። የሰሜኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ከፊቱ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጥ እንሰት በሦስት ረድፍ ተሰልፎ፣ ሰፋፊ ኮባውን ነፋስ ያወዛውዘዋል።

«ይህን ማን ተከለው?»

«እኛ ነን ጌታዬ» አለች አልጋነሽ። «ሜዳው ሲመነጠር ዳሩ ራቁቱን ቀረ። እንግዳ የሚገባበት በር እንደዚያ ሆኖ ማየት አሳፈረን።»

እውነቷን ነው። የጌዴኦ ሰው አፈር ባዶውን ሲያድር አይወድም። ጴጥሮስና ጎረቤቶቹ አውሮፕላኑን ያከበሩ መስሏቸው ነበር የተከሉት።

ሻምበሉ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እናቴ፣ ዳኮታ ቀላል ናት፤ ከላዩ አልፋ ትወርዳለች። አዲሱ ከባድ ነው። ከሩቅ ጀምሮ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ይህ ካለ አያርፍም።»

«ካላረፈስ?»

«ጭነቱ በሌላ ሜዳ ይሆናል። ዲላን እንተዋታለን።»

«ፈለቀስ?»

«ፈለቀ አዲሱ ላይ ሠልጥኗል። አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት ይሄዳል።» ኮፍያውን አድርጎ መኪናው ውስጥ ገባ። «ሐሙስ ለሙከራ ይመጣል። ጫፉ ካልጸዳ ፓይለቱ ዞሮ ይመለሳል።»

እንሰቱ የሦስት ቤት ነበር፤ የእሷ፣ የሽማግሌው የአቶ ገሪማና የጎረቤቷ የዘነቡ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። አልጋነሽ የተባለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

«ያልደረሰ እንሰት አልቆርጥም» አሉ አቶ ገሪማ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየወጉ። «ዝናብ ቢቀር ልጆቼ ብረት ይብሉ?»

ዘነቡ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «የፈለቀ እናት፣ ልጅሽን ለማየት የኛን ጓሮ ልትነቅዪ ነው? እንደ ሰው ልጅ በአውቶቡስ አይመጣም?»

«አውቶቡስ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ደግሞ እናት ያላቸው አይመስሉኝም።»

አቶ ገሪማም ሳቁ። አልጋነሽ ያን ጊዜ ቀጠለች።

«ደግሞ ማን ቁረጡ አለ? እንሰት ከቦታው ሲነሣ የመጀመሪያው ነው? ከችግኝነቱ ጀምሮ እያነሣን ስናዛውረው አይደል የምናሳድገው። ትንሹን እናዛውር፤ ቦታ ከቤቴ ጀርባ ያለው የበቆሎ መሬቴ ይሁን። የደረሰውን ፍቀን ለቆጮ እንቅበረው።»

«መካከለኛውስ?» አሉ አቶ ገሪማ። «ለመፋቅ ያልደረሰ፣ ለማዛወር ያለፈበትስ?»

ይህን ጥያቄ ጠብቃዋለች። የመካከለኛው ረድፍ ጴጥሮስ በመጨረሻ ዓመቱ በእጁ የተከለው ነው።

«እሱ የኔ ነው። እሱንም አዛውረዋለሁ። ካልጸደቀ የሚጎድለው ከኔ ቤት ነው።»

አቶ ገሪማ ከከዘራቸው ጫፍ ላይ አፈሩን ጠረጉ። ከዚያ «መቆፈሪያዬ ስለት የለውም፤ ነገ አስለዋለሁ» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ወንዶቹ ሥሩን እየዞሩ ቆፈሩ፤ ኮባውን ከርክመው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተሸከሙ። ሴቶቹ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ግንዱን እያስደገፉ በቀርከሃ ፋቁ። ዘነቡ ሴት ልጆቿን ሁሉ ይዛ መጣች፤ ስትቀልድ ዋለች እንጂ ከእሷ በላይ የፋቀ አልነበረም። የጴጥሮስን ረድፍ አልጋነሽ ለማንም አልሰጠችም። እያንዳንዱን ከነአፈሩ አስነሥታ፣ አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ በእጇ አቅንታ፣ ዙሪያውን በእግሯ ጠቀጠቀችው። ሐሙስ ሲነጋ የሜዳው ጫፍ ተደልድሎ፣ ተጠርጎ፣ አንድ ኮባ እንኳ አልቀረበትም።

ድምፁን ስትሰማ መጀመሪያ አላወቀችውም። ከዳኮታው የወፈረ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ቢሆንም ቸርኬውን ቀጠቀጠች። ጅራቱ ሁለት የሆነ ግዙፍ አውሮፕላን ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረው።

«ሊመለስ ነው» አለች ዘነቡ።

«አይመለስም። ቤቱን እያየ ነው።»

አውሮፕላኑ ከሩቅ ዝቅ አለ፤ እንሰቱ በነበረበት ላይ አለፈና ጎማው ሣሩን ነካ። አቧራው ሲቀመጥ ኋላው እንደ ጎተራ በር ተከፈተ፣ ፈለቀም በአዲስ ቱታ ወጣ። አልጋነሽ ልጇን ከመሳሟ በፊት ጎንበስ ብላ ከሞተሩ ሥር ያለውን ሣር አየች። ዘይት የለም።

በዚያው ጥላ ሥር ተቀመጡ። በኮባ ጠቅልላ ያመጣችውን የተቀቀለ አሚቾ ፈታችለት። ጎርሶ እያላመጠ ወደ ባዶው ጫፍ ተመለከተ፤ የሚበላው ሥር ከየት እንደተቆፈረ ገባውና ማላመጡን አቆመ።

«የአባዬስ ረድፍ?»

«ከቤት ጀርባ ነው።»

«ይጸድቃል?»

«ሰኔ ላይ ስትመጣ ታየዋለህ» አለችውና ኮሌታውን ልታቃና እጇን ዘረጋች። የመጀመሪያው ካሚዮን ገና እየተሞላ ነበር።