የአስር ሊትር ማር ክብደት

የማንኪራ መንደሩ ንብ አናቢ ጋሽ ገሠሠ ማራቸው ሲመሰገን እንኳ የሚጠራጠሩ ሰው ነበሩ። ቀፎ ሊያወርዱ ዛፍ ላይ ሲወጡ ገመዱን ሦስት ጊዜ ስበው ይሞክሩታል፤ የሰውንም ቃል እንዲሁ። ስለ እርሳቸው ብዙ አውቃለሁ አልልም። በ1995 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ቦንጋ ከነጂብ ሱቅ በር የሆነውን ግን ቆሜ አይቻለሁ።

ነጂብ እስከዚያ ድረስ ማር የሚገዛው በሊትር ጣሳ እየሰፈረ ነበር። በዚያ ሳምንት ሚዛን አስመጣና፣ «ከእንግዲህ በኪሎ ነው። ዋጋው ያው ነው፤ ሊትርና ኪሎ አንድ ነው» አለ። ጋሽ ገሠሠ አስር ሊትር የሚይዝ፣ ማር የሞላ ጄሪካናቸውን ከበቅሎ አውርደው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ዕቃው ተቀንሶ አስራ አራት ኪሎ ሆነ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ከሥሩ ምን አለ?» አለ ነጂብ።

«ማር።»

«በአስር ሊትር ዕቃ አስራ አራት ኪሎ? ንቦችዎ ድንጋይም ይሠራሉ እንዴ?»

በሩ ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። አንዱ፣ «ስኳር ነው፣ ስኳር» አለ። ጋሽ ገሠሠ አልሳቁም። ይህ ወሬ ገበያውን ከዞረ ማራቸውን የሚነካ እንደማይኖር ያውቃሉ።

«ሳፋ አምጡ» አሉ።

ማሩን እስከ መጨረሻው ገለበጡት። ድንጋይ የለም። ነጂብ በጣቱ ቀመሰ፤ ስኳርም የለም።

«እንግዲያ ሚዛኑ ነው ሌባው» አለ።

ሚስቱ ፈርዶስ ጄሪካኑን አጥባ፣ እስከ አፉ ውሃ ሞልታ መዘነችው። ዕቃው ሲቀነስ አስር ኪሎ ሆነ።

«ሚዛኑ ደህና ነው። ማሩ ነው ከውሃ የሚከብደው» አለች።

ጋሽ ገሠሠ ወደ ነጂብ ዞሩ።

«እንግዲያ በሊትር ስትወስድብኝ በኖርክባቸው ዓመታት፣ በየአስሩ ሊትር አራት ኪሎ ትርፍ ነበረው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ከአንተ በምን ይገዛ ነበር፣ በኪሎ ወይስ በጄሪካን?»

ነጂብ አፉን ሳይከፍት ፈርዶስ ቀደመችው። «በጄሪካን ነው፣ ጋሽ ገሠሠ።»

«እርሱን ነው የጠየቅሁት።»

«በጄሪካን» አለ ነጂብ፣ ሳፋውን እያየ።

ማር ከውሃ እንደሚከብድ ነጂብ ያውቅ ነበር? ቢያውቅ ኖሮ በሰው ፊት ስለ ድንጋይ ባልጮኸ። ወይም አውቆ ይሆናል የጮኸው። እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጋሽ ገሠሠ ማሩን አስራ አራት ኪሎ ብለው ሸጡለት። ፈርዶስ ሻይ ይዛ ወጣች።

«እንደ ጠጣሁ ቁጠሪው፣ ልጄ» አሉና በቅሏቸውን ፈቱ።