ፈረስ የማያድርበት ቤት

እትዬ የሺሃረግ ሰው መውደዳቸውም መጥላታቸውም ወዲያው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱን ዘበኛ ሲያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ከጢቾ ወይም ከበቆጂ ጭጋግ ለብሶ የመጣ ገበያተኛ ሲያዩ ደግሞ፣ ሰውየው ገና ከፈረሱ ሳይወርድ ሣር ታቅፈው ብቅ ይላሉ። እኔ ከደጃቸው ፊት ለፊት የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስለምውል፣ ዕድሜዬ ያለቀው ልብስ ስሰፋ ሳይሆን የእሳቸውን እንግዳ ስቆጣጠር ነው።

ቤታቸው አሰላ መሀል፣ ዋናው መንገድ ዳር የቆመ ረጅም የሣር ቤት ነበር። መሀሉ በሸንበቆ ተከፍሏል። በአንዱ በኩል ሰው ገለባና አጎዛ ላይ ይተኛል፣ በሌላው በኩል ፈረሱ፣ በቅሎውና አህያው ይታሰራል። ዋጋው የእንግዳው ኅሊና ነው፤ ያለው ይሰጣል፣ ያጣ ገብስ ይሰፍራል፣ ገብስም የሌለው መርቆ ይሄዳል። እስላም እንግዶች ስለሚበዙባቸው ለእነሱ የተለየ ድስትና ከሶላት በፊት መታጠቢያ የሚሆን ማንቆርቆሪያ አስቀምጠው ነበር። ያንን ድስት ክርስቲያን ጎረቤት እንዲነካው አይፈቅዱም። አንዴ ሽሮ ላሙቅበት ብዬ ባነሳው እንደ ሌባ አባረሩኝ።

እንግዳ ማሳደር የጀመሩት ለትርፍ ብለው አልነበረም። ባላቸው ወልደ ጊዮርጊስ በቅሎ እየነዳ የሚነግድ ሰው ነበር። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ክረምት፣ ወደ ሲሬ ሲሄድ ዶፍ ዝናብ ላይ መሸበት። አንድ ደጅ ቆሞ አሳድሩኝ ቢል፣ ጊዜው ክፉ ነበርና ሽፍታ መስሏቸው ሳይከፍቱለት ቀሩ። ጠዋት አጥራቸው ሥር በብርድ ደርቆ አገኙት። እትዬ የሺሃረግ እንባቸው እንኳ በወጉ ሳይወጣላቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቃል ገቡ፤ በሕይወት እስካሉ ድረስ ለመሸበት ሰው በራቸውን ላይዘጉ።

ከእንግዶቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ከዲሮን ነበር። የጢቾ ሰው ነው፤ ቅቤና ማር እየያዘ በዳማ ፈረሱ ይመጣል። በወጣትነቱ ፈረሱን ሰው ግቢ አስሮ ተሰርቆበታል፤ ከዚያ ወዲህ ከፈረሱ ተለይቶ አድሮ አያውቅም። አጎዛውን ሸንበቆው ሥር ያነጥፍና፣ የዳማው ማኘክ ካልተሰማኝ ዓይኔ አይከደንም ይላል። እትዬ የሺሃረግ ሚስትህን ሀሊሜን እንኳ እንዲህ አልወደድካት እያሉ ሲተርቡት፣ ሀሊሜ መች ትሰረቃለች ብሎ ይመልስላቸዋል። ሁለቱም ይስቃሉ፤ እኔም ማዶ ሆኜ እስቃለሁ።

በ1952 ዓ.ም. ከተማዋ ልታምር ነው ተባለ። አቶ አሰግድ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የተላከ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አዲሱን ደንብ ገበያ መሀል ቆሞ አነበበው። ዋናው መንገድ ዳር የሣር ቤት አይኖርም። መንገደኛ የሚያሳድር ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብስ፣ የብረት አልጋም ይዘርጋ። ከብት ከሰው ጋር አያድርም፣ ግቢ ውስጥም አይታሰርም፤ ከገበያው በታች የከተማ በረት ተሠርቶለታል። ይህን ያልቻለ ከመንገዱ ይነሳ። አቶ አሰግድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጽዳት የሚወድ፣ ጫማው ላይ ጭቃ ሲያይ ራሱን የሚያመው ዓይነት ሰው ነው። ድሃ መንገደኛ የት ይደር የሚል ግን እሱም አልጠየቀም፣ ደንቡም አልጠየቀም።

እኔ እትዬ የሺሃረግን ወደ ጓሮ ሠፈር ይዛወሩ ብዬ መከርኳቸው። መንገደኛ የሚሄደው በመንገድ ነው፣ ከመንገዱ ከራቅሁ ቃሌን በማን ላይ እፈጽመዋለሁ አሉኝ። ሕጉን አንድ ሳያጎድሉ ከፈጸሙ በራቸውን የሚያዘጋቸው እንደማይኖር አመኑ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባላቸው ሲሬ ትቶላቸው የሞተውን መሬት ሸጡ፣ ላሞቻቸውንም አስከተሉ። የሣሩ ቤት ሲፈርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው አዩ። ቆርቆሮው ተመታ፣ የብረት አልጋው በጭነት መኪና መጣ። አቶ አሰግድ ራሱ መጥቶ ዞሮ አየና፣ ሌላው ሁሉ ከእርስዎ ይማር ብሎ አመሰገናቸው። እሳቸው ደስ አላቸው፤ እኔን ግን ከፋኝ።

እንግዳው ቀረ። ገበያተኛው ደጃፉ ላይ ይቆምና የወለሉን ንጣት አይቶ ጭቃ የያዘ እግሩን ይሰበስባል። ፈረሴስ ይላል። በረት አለልህ ሲሉት ያመሰግንና መንገዱን ይቀጥላል። አልጋዎቹ አንሶላቸው እንደተወጠረ ሰነበቱ።

ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ ከዲሮ መጣ። ሳል ይዞታል። እትዬ የሺሃረግ ሮጠው ወጥተው የዳማውን ልጓም ያዙ፤ ያዙና ቆሙ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ እኔ ታዛ ሥር ተጠልሎ ይመለከታቸው ነበር። ፈረሱን ቢያስገቡ ቤቱን ያሽገዋል፤ ቤቱ ከታሸገ ደግሞ ለማንም የሚከፍቱት በር አይኖራቸውም። ፈረሱን በረት እንዲሰድ ለመኑት። እኔ ራሴ እየሄድኩ አይልሃለሁ፣ አንተ ግባና ልብስህን አድርቅ አሉት።

"የሺ እህቴ፣" አለ ከዲሮ፣ "ዳማው እዚያ እየበሰበሰ እኔ እዚህ እንዴት እተኛለሁ?"

"ሕግ ሆነብኝ እኮ ከዲሮ።"

"አውቃለሁ። ገና ቀን ነው፤ ቤቴ እደርሳለሁ።"

ልጓሙን ከእጃቸው ቀስ ብሎ አስለቀቀ፣ ነጋቲ ብሎ በቋንቋው ተሰናበታቸውና ሄደ። እሳቸው እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቀሩ። ይግቡ እንጂ ብዬ ብጮህ አልሰሙኝም።

ከመስቀል በፊት አንድ የጢቾ ቅቤ ነጋዴ ወሬውን ይዞ መጣ። ከዲሮን ያን ዕለት ወደ ጢቾ ሲመለስ ተራራው ላይ ጭጋግና በረዶ ይዞት ጥድ ሥር አድሯል። ፈረሱ ከቤቱ አደረሰው፤ ግን ሳምባው ተመትቶ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

እትዬ የሺሃረግ በማግሥቱ ጥቁር ለብሰው ለልቅሶ ተነሱ። ብቻቸውን መልቀቅ አልሆነልኝም፣ አብሬ ሄድኩ። ወደ ማታ ላይ ደርሰን ሀሊሜ ስትወጣ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ አሏት። እንድትሰድባቸው ፈልገው ነበር። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ብትሰድባቸው ይቀልላቸው ነበር።

ሀሊሜ አልሰደበቻቸውም። እጃቸውን ያዘችና፣ "መሽቷል፣ ግቢ" አለቻቸው። "ለመሸበት ሰው በር አይዘጋም።"

ስለ ቃላቸው ምንም አታውቅም። አገሩ ሁሉ የሚለውን ነው ያለችው። እትዬ የሺሃረግ ግን ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ለባላቸው ያላለቀሱትን ጭምር አለቀሱ። ሀሊሜ መኝታቸውን ቤቷን ከፈረሱ ማደሪያ በሚለየው ሸንበቆ ሥር አነጠፈችላቸው። ከወዲያ በኩል ዳማው ሣሩን ያኝካል። ከዲሮን ያስተኛው የነበረው ድምፅ እሳቸውን ሲያባንን አደረ።

ወደ አሰላ ሲመለሱ የቆርቆሮውን ቤት ለአንድ ነጋዴ ሸጡት፤ እሱም ሆቴል አደረገው። እሳቸው ደንቡ የማይደርስበት ጓሮ ሠፈር ገብተው ትንሽ የሣር ቤት ቀለሱ። መሀሉን በሸንበቆ ከፈሉ፣ ግርግም አበጁ። ማታ ማታ ግርግሙ ላይ እርጥብ ሣር ይጥሉና በሩን ሳይቀረቅሩ ይተኛሉ። ማንም አልመጣም። መንገዱ በዚያ አያልፍም።

እንዲህ ሆነው ሁለት ክረምት ቆዩ። የመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃቸው ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ውሃ ልስጥዎ ብላቸው፣ እሱ ይቅር፣ ይልቅ ሣሩ ደርቆ እንደሆነ እይልኝ አሉኝ። ሸንበቆውን አልፌ አየሁት። ከደረቀ ሰንብቷል።

እርጥብ ነው አልኳቸው።