መሙያዋ በግራ የሆነች ሰዓት

ባሌ ሚልኬሳ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ነበር ስል ሰውዬው ሞቶ አይደለም፤ እዚሁ አምቦ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። የሞተው ቀኝ እጁ ነው። የገደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው “ተይ አመለሸጋ፣ የእግዜር ሥራ ነው” ይለኛል። እግዜር ምን አደረገ? ምላሴ ነው እንጂ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሙያውን የተማረው በልጅነቱ፣ እጃጂ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሞባይል መጥቶ ሰው ሰዓት ማሰር ሲተው እንኳ እሱ አልተወም። መነጽሩንና ወረንጦውን በአንድ ቆርቆሮ ይዞ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። “አርፈህ በረንዳህ ላይ ሥራ” ብዬ ስጨቀጭቀው ይስቅብኛል። ፀጉር የምታክል ሽቦ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔም ሳላውቀው አብሬው እይዝ ነበር።

በ2011 ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከጎጆ ከተማ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ጭቃ ላይ ተገለበጠ። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰበረ። እሱ “ሐኪም ቤት ውሰዱኝ” አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። “ብረት ይከቱብሃል፣ ካልሆነም ይቆርጡሃል! የአባቴን እግር ያቀናው ወጌሻ እያለ?” ብዬ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ጩኸቴ ሲሰለቸው እሺ አለ። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ፣ ሳምንት እንዳይፈታ ብሎን ሄደ።

በማግስቱ “ጣቶቼ አይሰሙኝም፤ ማሎ፣ ትንሽ አላልተሽ እሰሪልኝ” ብሎ ለመነኝ። “ወንድ አይደለህም እንዴ? ቻለው!” አልኩት። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ገርጥተው እንደ በረዶ ቀዘቀዙ። ያኔ ደንግጬ ሐኪም ቤት ይዤው ሮጥኩ። ሐኪሙ ማሰሪያውን ቆርጦ አየና “ደም አጥቶ ነው፤ ዘግይታችኋል” አለን። እጁ አልተቆረጠም፤ ግን እንደተጨበጠ ደርቆ ቀረ።

አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ፣ ቢረግመኝ፣ እንዴት ባረፍኩ ነበር!

የራሱ ሰዓት በእጅ የምትሞላ ናት፤ በየጠዋቱ ካልሞሏት ትቆማለች። ግራ እጁ ላይ ሲያስራት የሚሞላ ቀኝ የለውም። እኔ ስሞላለት ፊቱን ያዞራል። ቀኙ ላይ ስናስራት ደግሞ መሙያዋ፣ ያቺ በጎኗ ያለችው ትንሽ ቁልፍ፣ ወደ ክርኑ እየዞረች ለግራ ጣቶቹ አልመች አለች። አንድ ጠዋት “ቆርቆሮዬን አምጪ” አለኝ። “መሙያዋን ወደ ግራ እናዞራታለን። የሞተው እጅ ይሸከማት፣ ያለው ይሞላታል።”

“ጓደኛህ ቦንሳ ይሥራልህ፤ እሱም ሰዓት ጠጋኝ ነው” አልኩት።

“ስጠግን ኖሬ ላስጠግን? አንቺ ትሠሪያለሽ።”

እኔ! ክር መርፌ ውስጥ ለመክተት ሦስቴ የምስተው! ደስታዬን ግን አልቻልኩትም። “ይሄ ከተሳካ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥተን የሰው ሰዓት እንጠግናለን፤ ዓይን አንተ፣ እጅ እኔ” አልኩት። የገደልኩትን የምመልስለት መስሎኝ ነበር። እሱ ቆርቆሮውን በግራ እጁ ወደ እኔ ገፋው።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጀመርን። የጀርባዋን ክዳን ከፈትኩ፣ የመሙያዋን ዘንግ መዘዝኩ፣ ማሽኗን አወጣሁ፣ ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪዎቿን ነቀልኩ። “ቀስ። አትተንፍሺ። አሁን ያዢ” እያለ በቃል ይመራኛል። ማሽኗ ስትዞር ቁጥሮቹ እንዳይገለበጡ፣ የተጻፉበት ገጽ ለብቻው ግማሽ ዙር መዞር አለበት። ገጹን ከማሽኑ ጋር የያዙት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ግን አያስዞሩም። “ቁረጫቸው” አለኝ። ከተቆረጡ መመለሻ የላቸውም። መቁረጫውን አስጠግቼ መለስኩት። “ቁረጪ” አለ ደግሞ። ቆረጥኩ። ገጹን አዙሬ በማጣበቂያ ለጠፍኩት።

ሦስት ቀን ፈጀብን። ገጣጥሜ ስጨርስ በግራ ጣቶቹ ሞላት። ሄደች! እልልታዬን ሰምቶ ጎረቤት ወጣ።

“በል፣ ነገ ጠረጴዛውን አወጣለሁ” አልኩት።

“ቆርቆሮውን ለቦንሳ ስጪው” አለኝ።

“ምን አልክ?”

“እኔ ያሠራሁሽ ሰዓት ላይባት ብዬ ነው፤ ሥራ ልጀምር አይደለም። እጅሽ ጥሩ ነው፣ አየሁት። ግን የእኔ እጅ አይደለም።”

አልቅሼ፣ ቆርቆሮውን ወስጄ ለቦንሳ ሰጠሁት።

አሁን በየጠዋቱ ራሱ ይሞላታል። ማሰሪያውን መቆለፍ ግን በአንድ እጅ አይሆንም፤ የማስርለት እኔ ነኝ። ቆዳውን ሳብ ሳደርግ፣ ሳይቆጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አታጥብቂው” ይለኛል። አንድ ቀዳዳ መልሼ አላላለታለሁ። በነጋታውም ይህንኑ ይለኛል፣ በሦስተኛውም ቀን ይለኛል። እጁ እኮ ምንም አይሰማውም።