በሟች ስም ያለ መስመር

ልጄ በቃሏ የምታውቀው አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ያስጠናት አባቷ ነው፤ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ። ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ የሚውልበት ቦታ ስለሚሠራ ልጅ ይጠፋብኛል ብሎ ይሰጋ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ያቆማታል፤ ቁጥሩን ሳትሳሳት ካልጠራች አያስገባትም።

አሁን ዐረብ አገር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን አሠሪዎቿ ወስደውባታል። ሲሆንላት ከሌላ ሰው ስልክ ትደውላለች። መልሼ ብደውል የሚያነሣው የማላውቀው ሰው ነው። ስለዚህ የምጠብቃት በአባቷ መስመር ነው። እሱ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ አዋሽን ለቅቄ ሰመራ ቁርስ ቤት ከፈትሁ። ስልኩን ይዤው መጣሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ያኖረኛል።

አንድ ጠዋት የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰዎች ፉል ሊበሉ ገቡ። አንዱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት፣ ወረቀት ይዞ ተነሣ።

«ማዘር፣ ይቺን ግድግዳው ላይ ልለጥፋት?»

«ምንድን ናት?»

«ደንቡ ሊሻሻል ነው። ረቂቁ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ አስተያየት እንዲሰጥ ነው።»

«ግድግዳው ዘይት ጠጥቷል፣ አይዝልህም። ፍሪጁ ላይ አድርጋት።»

ሲወጡ አነበብሁት። አብዛኛው አልገባኝም። አንድ አንቀጽ ግን ገባኝ። በሞተ ሰው ስም ያለ መስመር ይዘጋል ይላል። ወደ ቤተሰቡ እንዲዛወር ወራሾቹ ሁሉ ቀርበው ወይም ውክልና ልከው መፈረም አለባቸው። ወራሾቹ እኔና ልጄ ነን። ውክልና ለመላክ ኤምባሲ መሄድ አለባት። እሷ ደግሞ ቆሻሻ ለመድፋት እንኳ ብቻዋን ከግቢ አትወጣም። ይህን የምነግራት፣ ከደወለች፣ በዚያው መስመር ነው።

በማግሥቱ ለቁርስ ሲመለስ ለወጣቱ ነገርሁት። መብላቱን ተወ።

«ይሄን ይጻፉት እንጂ ማዘር። እኛ ቢሮ ተቀምጠን ይሄ አይታየንም።»

«ብጽፈው ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበዋለሁ። ግን ብቻዎን አይሁኑ። አንድ ሰው ሲያነሣው የግል ጉዳይ ነው ብለው ያልፉታል። ብዙ ሰው ካነሣው አንቀጹ ይታያል።»

ብዙ አልናገርም። በዚያ ሳምንት ግን ተናገርሁ። ወተት የምታመጣልኝ የአፋር ጎረቤቴ የምትጠቀመው በሟች ወንድሟ መስመር ነበር። ከወሎ የመጣው ባለሱቅ በአባቱ ስም ባለው ይነግዳል። «ታዲያ ደንበኞቼ ሁሉ ከሟች ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋላ» ብሎ አሳቀን። ከአሳይታ ለገበያ የመጡ ሳይቀሩ እንደኛው ሆነው ተገኙ። ሁሉም ስብሰባው ላይ እመጣለሁ አሉ።

የወተቷ ሴት ዘመድ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ነገር ያውቃሉ ይባላል። በዋዜማው ቤቴ ጥላ ሥር ሰብስበው እያንዳንዳችንን ሰሙ። የልጄን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ይበቃል፣ ነገሩ እኔ ዘንድ ነው፤ እኔ እናገረዋለሁ» አሉ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌው በአፋርኛ ተናገሩ፣ አንድ ሰው ተረጎመ።

«ይህች ሴት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ገመድ ይዛለች። ገመዱ የባሏ ነው። ልጇ ከታች ይዛዋለች። እናንተ ገመዱን ቆርጠን በስሟ ሌላ እንስጣት ትላላችሁ። እስከዚያ ልጅቱ ምን ትያዝ?»

ሰብሳቢው «ሌላ አስተያየት?» ብሎ ጠየቀ። እጅ ያወጣ የለም። እዚህ ነገር ለአንድ ሰው ከተሰጠና እሱም አሳምሮ ከተናገረ፣ ከኋላው መነሣት «የሁላችንን ቃል አላዳረስህም» ማለት ነው። የጻፍሁት ወረቀት ታጥፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አፈርሁ፤ አላወጣሁትም። የታደለንን ቅጽም አመስግነን ባዶውን መለስን።

ወጣቱ በር ላይ ደረሰብኝ።

«ማዘር፣ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ተነገረ እኮ።»

«የተናገሩት አንድ ሰው ናቸው። የሚመዘገበውም አንድ አስተያየት ተብሎ ነው።»

«እሳቸው የሁላችን አፍ ናቸው።»

«እኔስ ገብቶኛል። ቅጹ ላይ ግን ለዚህ ቦታ የለውም። አስተያየት መቀበሉም ነገ ይዘጋል።»

ወረቀቴን ሰጠሁት። ከዚያ ወደ ወተቷ ሴት ሄጄ ቅጽ እንድትሞላ ለመንኋት።

«እሳቸው ተናግረው እኔ ልጨምር?» አለች። «አንቺ ሴትዮ ከዘመድ ልታጣይኝ ነው?» ሳቀችና ወተት ቀዳችልኝ። አላስጨነቅኋትም። ባለሱቁም «አለቀ አይደል እንዴ?» አለኝ። እኔ ራሴ በሰዓቱ ሳልቆም ማንን ልውቀስ?

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጄ ደወለች። በስሜ አዲስ መስመር አውጥቼ ነበር።

«ልጄ፣ ቶሎ በይ፣ ሌላ ቁጥር ያዢ።»

«ወረቀት የለኝም እማ። በቃሌ ልያዘው፣ በይ።»

አንድ አንድ እያልሁ ጀመርሁ። እሷ ከኋላዬ ትደግማለች፤ ልክ በር ላይ አባቷን እንደምትከተለው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከወዲያ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ስልኩ ተዘጋ። የቀረኝን ቁጥር ለተዘጋው ስልክ ጨርሼ ጠራሁት። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ደንቡ ወጣ። አንቀጹ እንዳለ ነው። የሟቾች መስመር እስኪዘጋ ግን ጥቂት ወራት ተጨምረዋል። ወጣቱ ደውሎ «ያቺ ጭማሪ ከእርስዎ ወረቀት የመጣች ይመስለኛል» አለኝ። እንዲያ ለማለት አይገደድም ነበር። ዱዓ አደረግሁለት፤ አሁንም አደርግለታለሁ። ወራቱ ግን እየሄዱ ነው፤ ይዤ ላቆማቸው አልችልም።

ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ከመስገጃው ሳልነሣ፣ በአዲሱ መስመር ወደ አሮጌው እደውላለሁ። አጠገቤ ይጠራል፤ ገና አልተዘጋም። አላህን አመስግኜ አጠፋውና ፉል ልጥድ እነሣለሁ።