እቴ የሺ እርፍ የጨበጠችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሴቶች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለ ዝናብ ጣለና ከአዳራሹ ጀርባ ካለው እርሻ የረጠበ አፈር ሽታ በመስኮት ገባ። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ልጅ ስለ ሴቶች የመሬት መብት እያስረዳችን ነበር። እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ፣ በጣሊያን ዘመን፣ ቡሬ አጠገብ ባለች መንደራችን፣ ከእቴ የሺ ማሳ ዳር አቆመኝ።

እቴ የሺ ጎረቤታችን ነበረች፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ያዘለች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ለጋ ሴት። ባሏም አባቴም ዱር ቤቴ ብለው ከአርበኞቹ ጋር ሄደዋል። የእኛን መሬት አጎቴ አረሰልን። የእሷን ግን የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ደረሰ ዓይኑን ጥሎበት ኖሮ፣ እስከ ሐምሌ ጦም ካደረ እኔ አርሰዋለሁ ብሎ ለሽማግሌዎች ተናገረ። እሱ አንዴ ካረሰው ማንም እንደማያስለቅቀው አገሩ ያውቃል። ሴት ደግሞ እርፍ አትጨብጥም፤ ከጨበጠች ዝናብ ይሸሻል ይባል ነበር።

እናቴ ይህን የሰማችው የመንደሩ ሴቶች በየወሩ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው በየተራ በሚሰባሰቡበት የማርያም ማኅበር ላይ ነው። ያን ዕለት ጠላው ሳይቀዳ ዋለ። ሰባት ሴቶች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የየሺን መሬት ሊያርሱና ዘሩንም አዋጥተው ሊሰጧት ተማማሉ።

ቀንበርና ሞፈሩን ሲያገጣጥሙ ረፋዱ አለፈ። በሬዎቹ የጌታቸውን ድምፅ ለምደው ኖሮ ንቅንቅ አንልም አሉ። የሺ እርፉን ጨብጣ፣ ልጇን እንደምታባብል፣ እባክህ የኔ ጌታ፣ እባክህ የኔ አለኝታ ብትላቸው ዞረው አዩዋትና ማመንዠካቸውን ቀጠሉ። ሴቶቹ ሣር ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። ኋላ እናቴ ቀረብ አለችና አባቴ ዱር ከገባ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ቁጣ ሁሉ ብታወርድባቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተፈተለኩ። የሺም እርፉ ላይ ተንጠልጥላ ተከተለች። ትልሙ እባብ የሄደበት ይመስል ነበር፤ ቢሆንም መሬቱ ተገልብጧል። በሳምንቱ እየተፈራረቁ ደገሙት፣ ከዚያም ሰለሱት። ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ሲቦርቁ ያየሁት ያኔ ነው፤ ደስታቸው እኔንም ያስዘልለኝ ነበር።

ሰኔ ሲጋመስ ዝናቡ ቀጥ አለ። አያ ደረሰ ይህን ይዞ ሽማግሌዎቹን ማሳው ዳር ጠራና፣ ሴት ያረሰችው እንዳልታረሰ ይቆጠራል፣ ዝናቡም ይኸው ሸሸ ብሎ ተሟገተ። ሰባቱም ሴቶች ከየሺ ጎን ቆሙ። ሽማግሌ ፊት ቀና ብላ የማታውቀው እናቴ ወደፊት ወጣች።

«አባቶቼ፣ ሰውዬው ለአገሩ ብሎ ሲወጣ ቤቴን ጠብቂ ያለው እሷን ነው። ዛሬ ብትነጥቋት፣ ነገ ሲመለስ ምን ልትሉት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በክርክሩ መሐል ከበላይ ያንዣበበው ደመና ተዘረገፈ፤ ወንዶቹ ሁሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ማሳው ዳር ወዳለው ዛፍ ሮጡ፣ አያ ደረሰም ከሁሉ ቀድሞ። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ሩጫው መሐል ዞር ብለው የሺን «ዝሪው፣ ልጄ» አሏት። ፍርዱ ይኸው ነበር። ሴቶቹ እዚያው በስብሰው እልልታውን አቀለጡት።

ጤፉ አማረ። በዓመቱ ከሌላ መንደር ሴቶች እንዴት እንዳረሱት ሊጠይቁ መጡ፤ እናቴና ባልንጀሮቿም ብቻዋን የቀረች ሴት አለች በተባለበት ሁሉ ስንቃቸውን ቋጥረው ሊያርሱላት ይሄዱ ጀመር። እንደነሱ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ጣሊያን ወጥቶ ወንዶቹ ሲገቡ እርፉም ወደ ወንድ እጅ ተመለሰ። ሴቶቹን ማንም አልከለከላቸውም፤ ቀጥሉ ያላቸውም የለም። የሺ ባሏን እስከ ቡሬ መንገድ ወጥታ በእልልታ ተቀበለችው፣ አለቀሰችም። በማግስቱ ማሳው ላይ፣ በይ አምጪው፣ ደከመሽ ብሎ በፍቅር እጁን ሲዘረጋላት ግን፣ እርፉን ቶሎ አልለቀቀችውም።